ደመና ሲመጣ የሚጠፋ ኔትወርክ

የኮምፒውተር ተማሪዎች አሁንም ሱቄ ድረስ እየመጡ ይጠይቁኛል። «ያ የኔትወርክ ሰርተፊኬት ይጠቅማል ወይ?» ይላሉ። የመጀመሪያ ደረጃውን ማለታቸው ነው፤ አዲስ አበባ ሄደው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚፈተኑትን። መልሴ እንደ ቀኑ ነው። ደስ ያለኝ ቀን «ተማሩት፣ እውቀት ለተሸካሚው አይከብድም» እላለሁ። የከፋኝ ቀን «ለማን ልታሳዩት?» እላለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን እኔ ያንን ፈተና ያጠናሁት ለእውቀትም ለእንጀራም አልነበረም። አንድን ሰው ለማቃጠል ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሑድ እሑድ ቸርች ሄጄ እዘምራለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ቂሜን ይዤ ቢሮ እገባለሁ። እንዲህ ነበር ኑሮዬ።

ሰውየው የመሥሪያ ቤታችን የአይሲቲ ኃላፊ ነበር። ዲግሪውን ይዞ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። እኔ የአገሬው ልጅ ነኝ። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩ፣ ቴክኒክና ሙያ ጨርሼ በኮንትራት የተቀጠርኩ ረዳቱ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ «አንተ» ነበር። ኮንትራት ምን እንደሆነ ላልቀመሰ ልንገር፤ ሰኔ በመጣ ቁጥር ምግብ አይወርድልሽም። ሐምሌ ላይ ሠራተኛ ትሁኚ ሥራ ፈት፣ የምታውቂው ከሰው ሀብት ክፍል በሚመጣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የምመኘው ቋሚ መሆን ብቻ ነበር። «የኔትወርክ ባለሙያ» የሚባል መደብ ዓመት ከዓመት ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

ጂንካ ውስጥ ደመና ሲመጣ ሶኬት ይነቀላል። ይህን የሚያስተምር የለም፣ ሁሉም ያደርገዋል። እኛ ቢሮ ደግሞ አንድ ጊዜ መብረቅ ሦስት ኮምፒውተር ካቃጠለ በኋላ ሶኬት በየክፍሉ መንቀል ቀረና ዋናውን ማጥፊያ የማውረድ ሥልጣን ለዘበኛችን ተሰጠ። አባባ እንላቸዋለን። ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቆር ሲል ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ በየመስኮቱ «ጨርሱ፣ ጨርሱ» ይላሉ፣ ከዚያ ድው ያደርጉታል። ኃላፊ አይል፣ ስብሰባ አይል። ዝናቡ ሲያባራ መልሰው ያበሩታል። መብራቱ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፕሪንተሩ ይነሳል። ኔትወርኩ አይነሳም።

ያኔ ነው የእሱ ሰዓት የሚመጣው። ቢሮውን ከውጭው ጋር የሚያገናኘው ሳጥን፣ ራውተሩ ማለት ነው፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑን ይዞ ይገባል፣ ክፍሉ አምፖል ስለሌለው እኔ ባትሪ አበራለታለሁ፣ ሰማያዊዋን ኬብል አቀብለዋለሁ። የይለፍ ቃሉን ሊጽፍ ሲል «ዞር በይ» ይለኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሲጽፍ እሰማለሁ፣ ጣ ጣ ጣ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አርባ ደቂቃ ይጽፋል። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ «መጣ! መጣ!» ይባላል። እሱ እጁን በሶፍት እየጠረገ ይወጣል፣ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊዋ ቢሮ ሻይ ይጠብቀዋል። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ሳይል «ኬብሉን ጠቅልይው» ይላል። አራት ዓመት ጠቀለልኩ።

አንድ ቀን በጠቅላላ ሠራተኛ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ኔትወርኩ ለምን በእያንዳንዱ ዝናብ እንደሚጠፋ ቢጠና ጥሩ ነው አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ፈገግ ብሎ «ኔትወርክ የጭንቅላት ሥራ ነው፣ አንቺ ገመዱን ጠቅልይ» አለኝ። ቤቱ ሳቀ። ኃላፊዋ ሳቀች፣ የፋይናንሷ ሴት ሳቀች፣ ሻይ የምታዞረዋ እንኳ ትሪዋን ይዛ ሳቀች። በማግስቱ እሱ ረስቶታል፣ እንደ ወትሮው «እንደምን አደርሽ» አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ቋጠርኳት።

ጥናቱን የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ጂንካ ኢንተርኔት የሚሮጠው ሰው ሳይነሳበት ስለሆነ አባባ በሩን በአሥራ ሁለት ሰዓት ይከፍቱልኛል፣ ሥራ እስኪጀመር ሁለት ሰዓት አገኛለሁ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ነበር፤ ግማሹ ገጽ ጠቁሯል። ሒሳቡን የምሠራው በተጣሉ የቢሮ ደብዳቤዎች ጀርባ ላይ ነው። 128፣ 64፣ 32 እያልኩ፣ አንዱን ኔትወርክ ለአራት፣ ለስምንት እየቆረስኩ፣ የትኛው አድራሻ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚወድቅ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዱን ጥያቄ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ አመጣዋለሁ፣ በአፍ መፍቻዬ በአሪኛ አስብበታለሁ፣ ከዚያ በመጣሁበት መንገድ እመለሳለሁ። ሲደክመኝ የስብሰባውን ሳቅ አስታውሳለሁ። ለመንቃት ከቡና ይበልጥ ይሠራል።

መጽሐፉ አጋማሽ ላይ አንድ ምዕራፍ አለ። ራውተር የታዘዘውን ነገር መጀመሪያ የሚይዘው እንደ ሰው በቃሉ ነው ይላል። መብራት ከጠፋ ይረሳዋል። እንዳይረሳ ከፈለግህ ትእዛዙን ጽፈህ ስትጨርስ ሴቭ ማድረግ አለብህ። ሁለት ቃል ነው፣ ከዚያ ኢንተር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ሳነበው ሳቅ አመለጠኝ፣ ብቻዬን፣ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እስኪል። አባባ ሮጠው መጡ። «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ በአሪኛ። «ምንም አልሆንኩም አባባ» አልኩ። ምን ልበላቸው? ያ ሻይ የሚፈላለት፣ ያ «የጭንቅላት ሥራ» ባይ፣ በየዝናቡ ያንኑ ነገር እንደ አዲስ የሚጽፈው ሁለት ቃል ስለማያውቅ ነው። ሩቅ ወረዳ፣ ዲመካ ከተማ፣ ለመስክ ሲሄድ ቢሮው ሁለት ቀን ያለ ኔትወርክ ተቀምጦ መኪና ይላክለታል። መኪና!

ለማንም አልተናገርኩም። ዕቅዴ ሌላ ነበር። ፈተናውን አልፋለሁ፣ ክፍቱ መደብ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ፣ ሰርተፊኬቴን አስቀምጣለሁ፣ ያኔ በሁሉም ፊት ያችን ሁለት ቃል እናገራለሁ። እሱ ይጠቁራል፣ እኔ ቋሚ እሆናለሁ። ሌሊትም ቀንም ይህንኑ ነበር የማስበው። የፈተናውን ክፍያ እናቴ የጓሮዋን ኮረሪማ ሸጣ ሰጠችኝ። ምን እንደምፈተን አልገባትም፣ «ቋሚ ያደርግሻል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «ያደርገኛል» አልኳት።

አዲስ አበባ ሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። ኮረብታውን ሁሉ በቃሌ ኔትወርክ እየቆረስኩ ሄድኩ። ፈተና ክፍሉ ውስጥ ስልኬን፣ ሰዓቴን፣ የፀጉር ማስያዣዬን ሳይቀር ተቀበሉኝና ካሜራ ሥር አስቀመጡኝ። አንዱ ጥያቄ ያችው ሁለት ቃል ነበረች። ሳያት ጥርሴ አልገጥም አለኝ፣ ተቆጣጣሪው በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ። አለፍኩ። ብዙም አልተረፈኝም፣ ግን አለፍኩ። ስመለስ ሰርተፊኬቱን በፕላስቲክ አድርጌ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለቱን ቀን እጄን ከላዩ አላነሳሁም።

ማስታወቂያው ወጣ። ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። እሱ ከመሀል ተቀምጧል። ለተጨማሪ ሥልጠና የሚያዝ ነጥብ አለ፤ ያ ነጥብ ከተያዘልኝ መደቡ የእኔ ነው፣ ካልተያዘልኝ አይደለም። ሰብሳቢው ሰርተፊኬቱን አየውና ስላልገባው ወደ እሱ ገፋው፤ «እንደ ባለሙያ ይንገሩን» አለው። እሱም አነሳው፣ ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ አድርጎ አየው። «ይሄ ከኢንተርኔት የሚወርድ ወረቀት ነው» አለ በዚያ በማይቆጣ ድምፁ። «ጥያቄና መልሱን ሸምድዶ የሚያልፍ ሞልቷል። ነጥብ ባይያዝለት ነው የሚሻለው።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ሦስት ወር ሙሉ መስታወት ፊት የተለማመድኩት ንግግር አንድም ቃል አልወጣ አለኝ። «ጨርሰሻል፣ መሄድ ትችያለሽ» ተባልኩ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ በቂ ነጥብ ያገኘ ተወዳዳሪ የለም የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። መደቡ ክፍት ሆኖ ቀረ፣ እኔም በኮንትራቴ ቀረሁ። እናቴ ስትጠይቀኝ «ይነግሩኛል» አልኳት። ለእሷ መዋሸቴን አሁንም በእሱ ላይ ነው የምቆጥረው።

ከዚያ በኋላ ደመና መጠበቅ ጀመርኩ። በዕድሜዬ ዝናብ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠራራ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ተራራው ጠቆረ፣ አባባ «ጨርሱ» አሉ፣ ድው አደረጉት። ዘነበ፣ አባራ፣ መብራቱ መጣ። ዕቃ ክፍል ገባን። ባትሪ አበራሁ፣ ኬብል አቀበልኩ፣ ዞር በይ ተባልኩ፣ ዞርኩ። ጻፈ ጻፈና ጨረሰ። «መጣ!» ተባለ። «ኬብሉን ጠቅልይው» ብሎ ወጣ።

ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነው፤ ሁልጊዜም እንደተከፈተ ነው የሚተወው። ከእኔ ምን ይፈራል? በሩን ገፋ አደረግኩት። ሁለቱን ቃል ጻፍኩ። ኢንተር አልኩ። ሳጥኑ አሰብ አደረገና ተቀምጧል ብሎ መለሰልኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ኬብሉን ጠቀለልኩ። እንደዚያን ቀን አሳምሬ ጠቅልዬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዝናብ እሱ ዲመካ ነበር። አባባ አጠፉ፣ አበሩ። የፋይናንሷ ሴት እንደ ልማዷ ስልኳን አንስታ ልትደውልለት ስትል ስክሪኗን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። «ዛሬ በራሱ መጣ» አለች። ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ደወለ። ኃላፊዋ «አይ፣ አንተን የሚያስፈልግ ነገር የለም፣ ተረጋግተህ ሥራህን ሥራ» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ያችን ዓረፍተ ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ እራት ሳልበላ ጠገብኩ።

ሲመለስ ዕቃ ክፍል ብቻውን ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ። ብዙም ሳይቆይ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየኝ። አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዴት ይጠይቅ? «ማን ሴቭ አደረገው?» ቢል «አንተስ እስከ ዛሬ ለምን አላደረግክም?» ሊባል ነው። ዋጠው። እኔም ዓይኔን ሳልሰብር አየሁት። ከዚያ በኋላ ያሉት ዝናቦች ሁሉ ለእኔ በዓል ነበሩ። ላፕቶፑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሆኖ መብራቱ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ መብራቱ ይመጣል፣ የሚጠራው የለም። መጀመሪያ ሻዩ ቀረ። ቀጥሎ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከኃላፊነቱ አንስተው ዲመካ መደቡት። ሲሰናበት ሁሉንም ጨበጠ፣ እኔንም ጨበጠኝ። «በርቺ» አለኝ። «እርስዎም» አልኩት፣ ጥርሴን ሳልደብቅ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሰው ሀብት ደብዳቤዬ መጣ። የኔትወርክ አገልግሎቱ ያለ ምንም መቋረጥ እየሠራ በመሆኑ የኮንትራት ባለሙያ ማቆየት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም ይላል። ቆሜ አነበብኩት፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በገዛ እጄ፣ በሁለት ቃል። የፋይናንሷ ሴት ኢንተርኔቷ ላይ ቪዲዮ እያየች «ምነው ገረጣሽ?» አለችኝ። ለእናቴ የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው። ጓሮዋ ወጥታ ኮረሪማዋን መኮትኮት ጀመረች፣ ይህም ባሰኝ።

ሰርተፊኬቱ ምን ጠቀመኝ የሚለውን እዚህ ላይ ልናገር፣ ተማሪዎቹም ይስሙት። ሥራ ፍለጋ የዞርኩባቸው ቢሮዎች ወረቀቱን አይተው «ዲግሪስ?» ነው ያሉኝ። በሦስት ዓመቱ ጊዜው አለፈበት፣ አላሳደስኩትም። ግን ሎጅ ያለው ሰው፣ ክሊኒክ የከፈተ ሰው ይጠራኛል፤ እሱ ወረቀት አይጠይቅም፣ «ደመና ሲመጣ ይጠፋል ወይ?» ነው የሚለኝ። «አይጠፋም» እላለሁ። አይጠፋምም። ሱቄ የቆመው በዚያ ነው። ቋሚ አልሆንኩም፣ ግን አልራበኝም።

አንድ ሐሙስ ለአንድ ክሊኒክ ገመድ ልዘረጋ ቀይ አፈር ከተማ ወረድኩ። ገበያው ደርቷል። የዲመካ ሚኒባስ የሚቆምበት ጋ ስደርስ እሱ በስሜ ጠራኝ። ሸሚዙ ተጨማድዷል። ሰላም አላለኝም፣ «ሴቭ ያደረግሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ መሰላችሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «አንተ ስለማታውቀው አደረግኩልህ።» አንተ ያልኩት ያን ጊዜ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አልተቆጣም። «የማላውቀው መስሎሽ ነው?» አለኝ። «እሱን እኮ የመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚያስተምሩት። እዚያ ቢሮ ባለሙያ የሚታወሰው ሲጠፋባቸው ብቻ ነው። ባይጠፋ ኖሮ እኔን ረስተውኝ፣ አንቺን በመጀመሪያው ሰኔ ይሸኙሽ ነበር። ኮንትራትሽ በየዓመቱ በምን የታደሰ ይመስልሻል? እኔ ነበርኩ የምጽፍልሽ።»

«ውሸታም» አልኩት። «ካወቅከው ለምን መልሰህ አላጠፋኸውም?»

«አንዴ በራሱ እንደሚነሳ ካዩ በኋላ ዳግመኛ ቢጠፋ ጥፋቱ የኔ ነዋ» አለ። ሚኒባሱ ሞላ፣ ረዳቱ ጠራው፣ ገባ።

ውሸቱን ነው ብዬ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። አላስቀምጥ ሲለኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላውጣ ብዬ የድሮው ቢሮ ሄድኩና የሰው ሀብቷን ሴት ፋይሌን አሳይኝ አልኳት። ከፍታ ሰጠችኝ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ደብዳቤ፣ በእሱ ፊርማ። ኔትወርኩ በተደጋጋሚ ስለሚቋረጥ ረዳት ያስፈልጋል ይላሉ። እውነቱን ነው፤ ያበላኝ እሱ ነበር። ያንን ብቻ ጽፎ ቢያቆም ምናልባት ያን ቀን ስልኬን አንስቼ እደውልለት ነበር። ግን ሦስቱም ላይ አንድ መስመር ይከተላል፤ «ባለሙያዋ በሙያው ከፍተኛ ችሎታ ያላት በመሆኗ በሌላ ልትተካ አትችልም» ይላል። የመጨረሻውን በፈረመ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው ሰርተፊኬቴን ወደ መስኮት አድርጎ ያየው።

ሴትየዋ «ምን ይላል?» አለችኝ። ፋይሉን መለስኩላት። ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ፣ ፓስተሬም ብለውኛል። አላዋቂ መስዬው ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። አውቆኝ ነው።